ተረት ገልባጭ ኮሚክሶችና መራራ ቀልዳቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝ አምስት ስድስት ሰዎች አለን። ኮሚክስ፣ ማለትም በተከታታይ ስዕል የሚተረክ መጽሐፍ፣ እንዋዋሳለን። የምናነበው አብዛኛው ልዑሉ ፈሪ፣ ንግሥቲቱ ሌባ፣ ድራጎኑ ደግሞ ደህና ጎረቤት የሆነበት ዓይነት ነው። እኛ ስንስቅ ከጎረቤት ጠረጴዛ አንገቱን የሚያሰግግ አይጠፋም። ጥያቄውም ሁሌ ያው ነው። ለእያንዳንዱ ከስር ከስር ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

ምን ዓይነት ኮሚክስ ነው የምታወሩት?

ሁላችንም የምናውቀውን ተረት ይወስድና እንደ ሹራብ ገልብጦ ያለብሰዋል። ስፌቱ፣ ክሩ፣ የተጣፈው ቦታ ሁሉ ይታያል። ስዕሉ መጀመሪያ ከረሜላ ይመስላል። ቀስተ ደመና አለ፣ የእንጉዳይ ቤት አለ፣ ክንፍ ያላት ሚጢጢ ሴት አለች። ሁለት ገጽ ስትገልጡ ሚጢጢዋ ሴት ዕዳ ሸሽታ ነው የምትበረው።

መገልበጥ ስል መጨረሻውን ማሳዘን ብቻ አይደለም። ተረቱ ዝም ብሎ ያለፈውን ነገር መጠየቅ ነው። ለምሳሌ ያ የሲንደሬላ ልዑል። ሌሊቱን አብሯት ጨፍሮ፣ ጠዋት ጫማ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞረው ፊቷን ስለማያስታውስ ነው? በከተማው ሙሉ እግሯ የእሷን የሚያህል ሌላ ሴት የለችም? ልጅ ሆነን ይህን ብንጠይቅ «ዝም ብለሽ ስሚ»፣ «ዝም ብለህ ስማ» ነበር መልሱ። እነዚህ ኮሚክሶች ዝም አላሉም።

ሰው ሲሞት፣ ደም ሲፈስ ምኑ ያስቃል?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው። አንድ የሆነ ነገር ልንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሚኒባስ ውስጥ እያነበብኩ ነበር። ያነበብኩት የአሜሪካዊው ስኮቲ ያንግ ሥራ ነው፤ «ተረት ምድርን እጠላለሁ» ብለን ልንተረጉመው እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ2015 ነው መውጣት የጀመረው። ታሪኩ ስለ አንዲት ገርትሩድ ስለምትባል ልጅ ነው። በልጅነቷ ተረት ምድር ትገባለች። ወደ ቤቷ የምትመለስበትን ቁልፍ ፈልጊ ይሏታል። አላገኘችውም። ወደ 30 ዓመት ገደማ ፈለገች። አእምሮዋ አረጀ፤ አካሏ ግን የስድስት ዓመት ልጅ እንደሆነ ቀረ። አረንጓዴ ቁጥርጥር ፀጉር፣ ቀሚስ፣ እጇ ላይ መጥረቢያ። ያገኘችውን ሁሉ ትፈነክታለች።

ሀረጎን እየወረድን፣ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት፣ ብቻዬን ክትክት ብዬ ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ዘወር አሉ።

«ምን ሆና ነው ይቺ ልጅ?» አሉኝ ስዕሉን እያዩ።

«ቤቷ መመለስ አቅቷት ነው አባቴ።»

«ስንት ጊዜ ሆናት?»

«ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «ታዲያ ልጄ፣ ወላሂ መጥረቢያ ብታነሳ ይፈረድባታል?»

እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ ከማንም አልሰማሁም። ሳቁ ከደሙ አይመጣም። ሁሉም ነገር ጣፋጭ፣ ሁሉም ሰው ፈገግተኛ በሆነበት አገር አንዲት የመረራት ሴት አለች፤ ሳቁ ከዚያ ነው የሚመጣው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አይዞሽ፣ ትደርሻለሽ» ተብላለች። መሪ ተብሎ የተሰጣት ዝንብ ነው። በዚያ ላይ መሳደብ እንኳ አትችልም። ስድቧ ሁሉ ከአፏ ሲወጣ የጥጥና የኬክ ዓይነት ለስላሳ ቃል ሆኖ ይወጣል። ቢሮ ሄዶ «ነገ ተመለስ» በፈገግታ የተባለ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል።

ንጹሕ የነበረውን የልጆች ተረት ለምን ያቆሽሹታል?

ንጹሕ አልነበረም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ቀይ ቆብ ያላት ልጅ አለች። ተኩላው ይበላታል። አለቀ። አዳኝ መጥቶ ሆዱን ቀዶ አያወጣትም። ጀርመኖቹ ወንድማማቾች ግሪሞች እ.ኤ.አ. በ1812 የመጀመሪያውን ቅጽ አወጡ። የነሱ ሲንደሬላ ውስጥ የእንጀራ እናቷ ልጆች ጫማው እንዲገባላቸው አንዷ ጣቷን ሌላዋ ተረከዟን ትቆርጣለች። በኋላ ባሳተሙት ላይ ደግሞ እርግቦች ዓይናቸውን ያወጡታል። «ስኖው ዋይት» የሚባለው ተረት ላይ ክፉዋ ንግሥት የጋለ የብረት ጫማ ተጫምታ እስክትሞት ትጨፍራለች። በሰርግ ላይ ነው ይሄ። እንግዳው ቆሞ እያየ።

የሚገርመው ሌላ ነው። በ1812ቱ እትም ስኖው ዋይትን ልታስገድል የሞከረችው የወለደቻት እናት ነበረች። በሁለተኛው፣ በ1819ኙ እትም፣ የእንጀራ እናት አደረጓት። እናት እንዲህ አታደርግም ብለው ይሆናል። የእንጀራ እናቶች ስም የጠፋው እንዲህ እንዲህ እየተባለ ነው። ግሪሞቹ እስከ 1857 ድረስ ሰባት ጊዜ እያረሙ አሳተሙት። ታጥቦ፣ ተተኩሶ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። የዛሬዎቹ ኮሚክሰኞች አዲስ ቆሻሻ አላመጡም፤ የታጠበውን መልሰው አወጡት እንጂ።

የእኛን ተረት ቢገለብጡት ያምራል?

የእኛ ተረት እኮ ድሮም የተገለበጠ ነው።

«አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለውን አስቡት። ጅብ ከወንዙ ላይኛው በኩል ይጠጣል፣ አህያ ከታች። «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ይላታል። ውሃ ወደ ላይ አይፈስም ብላ ብታስረዳው ሌላ ክስ ያመጣል። መጨረሻ ላይ ምን አለች? አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ልትበላኝ ነው የመጣኸው፣ ብላ፣ ግን ሰበብ አትደርድርብኝ አለች። ሞት ፊት ለፊቷ ቆሞ የምትናደደው በውሸቱ ነው። ከዚህ የበለጠ መራራ ቀልድ ከየት ይመጣል?

ሌላም አለ። አውሬዎች መቅሰፍት ወረደብን ብለው ኃጢአታቸውን ሊናዘዙ ተሰበሰቡ። አንበሳ በሬ በላሁ አለ። «ኧረ ይሄ ምን ኃጢአት ነው» አሉት። ነብርም፣ ጅብም እንዲሁ ምንም አልተባሉም። አህያ ጌታዬ ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር ነጨሁ አለች። «ጉድ! መቅሰፍቱን ያመጣችው እሷ ናት!» ተብላ ተበላች። ይህን ተረት በልጅነታችን እየሳቅን ነው የሰማነው። ማንም ለልጅ አይሆንም አላለም።

የአርዌን አፈ ታሪክም ጨምሩበት። ሕዝቡን የሚያስገብር ዘንዶ ነበር። የአውሮፓ ጀግና ቢሆን በፈረስ ላይ ጦር ይዞ ይመጣ ነበር። የእኛው አጋቦስ መርዝ የበላች ፍየል አቀረበለት። ዘንዶው ምሳውን በልቶ ሞተ። በቃ። ክብር የለው፣ ሙዚቃ የለው። ይህን ኮሚክስ የሚያደርግ ሰው ቢገኝ መጀመሪያ የምገዛው እኔ ነኝ።

አያቴ ደግሞ የራሷ ዘዴ ነበራት። «ተረት ተረት» ትላለች፣ «የላም በረት» እንላለን። ከዚያ ቡናውን እየቆላች መጨረሻውን እንደ ጠባያችን ትቀያይረዋለች። ያን ቀን ውሃ አልቀዳም ያለ ልጅ ካለ ጅቡ የሚበላው እሱን ነው፤ ስሙን ጠርታ። የታዘዘው ልጅ ይተርፋል። አንድ ቀን ሁላችንም አጥፍተን ነበር። ጅቡ ሁላችንንም በላን። ከዚያ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አለችና ሁለተኛውን ስኒ ቀዳች። እንዴት እንደሳቅን!

ለምን በስዕል? በጽሑፍ ብቻ አይሆንም?

ይሆናል። ግን ኮሚክስ አንድ ጽሑፍ የማይችለው ተንኮል አለው። ቃሉ ሌላ፣ ስዕሉ ሌላ እንዲናገር ማድረግ ይችላል። ከላይ «በደስታም ኖሩ» ተብሎ ይጻፋል። ከታች ባልና ሚስቱ ጀርባ ተሰጣጥተው ተኝተዋል። ማንም ምንም አላለም፣ አንተ ግን ገብቶሃል። ከሰምና ወርቅ ጋር ዘመድ ነው።

ሌላው ገጽ መግለጥ ነው። ጥሩ ሠዓሊ ጉዱን የሚያስቀምጠው ከገለጣችሁ በኋላ ባለችው የመጀመሪያ ሳጥን፣ ማለትም አንዱ ስዕል በሚያርፍባት ክፈፍ፣ ላይ ነው። እጃችሁ ራሱ የቀልዱ አካል ይሆናል። ተራኪ «ከዚያማ…» ብሎ ስኒውን እንደሚያነሳው ማለት ነው።

የጅቡን ተረት በአምስት ሳጥን ብናደርገው እንዲህ ይሆናል። አንደኛው ሳጥን፦ ጅብ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ከላይ። ሁለተኛው፦ «ውሃዬን አደፈረስሽው!» ሦስተኛው፦ አህያ በሁለቱ መሐል የሚንሳፈፈውን ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ዝም ብላ ታያለች። ንግግር የለም። አራተኛው፦ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ።» እዚህ ላይ ገጹ ያልቃል። ገልጡት። አምስተኛው፦ ጅቡ መነጽር አድርጎ፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። «እሺ፣ ይህን ቅጽ ሙዪና ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዘሽ ነይ።» ስድስተኛ ሳጥን ከፈለጋችሁ፦ ጅቡ ከስቶ አጥንቱ ወጥቷል። ማህተም ያዡ ስብሰባ ላይ ነው።

ታሪክን በሳጥን መተረክ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳየውን ባህላዊ ስዕል አይታችሁ ይሆናል። ሸራው በትንንሽ ሳጥኖች ተከፍሎ፣ ብዙ ጊዜ 44 ሆኖ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ከየሳጥኑ ስር ጽሑፍ አለ። ኮሚክስ ብለን አልጠራነውም እንጂ።

ወሎ ያየውን መከራ አይቶ፣ በመከራ የሚቀልድ ነገር ማንበብ አይከብድም?

ይከብዳል። ይህን ጥያቄ የጠየቁኝ ሰው ቀልደኛ ሆነው ሳለ ከልባቸው ነው የጠየቁት፤ ስለዚህ በቀልድ አላለፍኩትም። እዚህ አገር 1966ን የሚያስታውስ ሰው አለ፣ 77ን የሚያስታውስ ሰው አለ። 2014 ላይ ደግሞ ጦርነቱ ከተማችን ውስጥ ገብቷል። በሰው ቁስል የሚቀልድ ነገር ካጋጠመኝ እኔም መጽሐፉን እዘጋለሁ።

ግን አንድ ምሽት አለ የማልረሳው። በዚያው ሰሞን፣ መብራት የለም፣ ጎረቤት ለጎረቤት ተጠጋግተን አንድ ቤት ነበርን። ማንም አያወራም። ከጦሳ ተራራ በኩል ጅብ ጮኸ። አንዲት እናት ከጥግ ሆነው «ስሙት፣ እሱም ዱቄት አልቆበታል» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጆቹም ሳቁ። ምንም አልተለወጠም፤ ዱቄቱም አልመጣም። ለትንሽ ጊዜ ግን ጅቡ ከእኛ እንደ አንዱ ሆነ።

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል። ሆድ ሲያለቅስ እሱ ይስቃል። መራራ ቀልድ በሚገባኝ ልክ ይሄ ነው። የሚቀልደው ማነው፣ በማን ላይ ነው የሚለውን ግን ሁሌ አያለሁ። ዱቄት ያለቀበት ሰው በዱቄት ሲቀልድና ጎተራው የሞላ ሰው ሲቀልድ አንድ አይደለም።

ለልጆች ይሆናል?

አብዛኛው አይሆንም። ሽፋኑ ያሳስታል። አንድ ጓደኛዬ ቀለሙን አይቶ ለሰባት ዓመት ልጁ ሊገዛ ነበር፤ በሦስተኛው ገጽ ላይ ደረስንለት። የአሜሪካ ኮሚክሶች ላይ ለአዋቂ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ሊኖር ይችላል፣ እሱን ፈልጉ። ከሌለ መሐሉን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ።

ጠንቋይና አስማት አለበት። ነውር አይደለም?

እሱን ከእምነታችሁ ጋር ተነጋገሩበት። እኔ ሸይኽም ቄስም አይደለሁም። ስለ ጅንና ስለ ሰይጣን ሲወራ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸጉጦ ያላደገ የደሴ ልጅ ግን አላውቅም።

ከየት ልጀምር?

ስቃችሁ መውጣት ከፈለጋችሁ ከላይ ከነገርኳችሁ ከገርትሩድ ጀምሩ። ሆድ የሚባስበት ረጅም ታሪክ ከፈለጋችሁ ደግሞ የቢል ዊሊንግሃም «ፌብልስ» አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጀምሮ በ2015 በ150ኛው ክፍል ተቋጭቶ ነበር፤ በኋላ ተመልሷል። የተረት ሰዎች ጠላት አገራቸውን ወርሮባቸው ተሰደዋል። ኒው ዮርክ ውስጥ ተደብቀው ይኖራሉ። ስኖው ዋይት ምክትል ከንቲባ ናት፤ ተኩላው ሸሪፍ፣ ማለትም ሕግ አስከባሪ። ከልዑሏ ጋር ተፋታለች። እንስሳ የሆኑት ሰው መስለው መኖር ካልቻሉ ከከተማ ውጭ እርሻ ላይ ይቆለፍባቸዋል። ዘመድ ስደት ያለበት ሰው ሁሉ ሲያነበው ሌላ ነገር ያነባል። ከተረት አገር የመጣ ስደተኛም እንደማንኛውም ስደተኛ የቤት ኪራይ አለበት።

ገርትሩድ ቶሎ ያልቃል። «ፌብልስ» ግን አንድ ክረምት ይበላል።

በአማርኛ ይገኛል?

በአማርኛ የታተመ ተረት ገልባጭ ኮሚክስ እጄ ላይ ገብቶ አያውቅም። የአማርኛ ኮሚክስ ግን አለ። ኤታን ኮሚክስ ያወጣው «ጀምበር» በአማርኛም በእንግሊዝኛም ታትሟል። እሱ ልዕለ ኃያል ጀግና ነው እንጂ ተረት ገልባጭ አይደለም። ሆኖም አማርኛ በንግግር አረፋ ውስጥ እንዴት እንደሚያምር ለማየት ጥሩ ነው። እንግሊዝኛችሁ ደከም ያለ ከሆነም አትፍሩ። ግማሹን ስዕሉ ይነግራችኋል። እኔ መጀመሪያ ያነበብኩት መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ነው፤ ከአሥር ገጽ በኋላ ረሳሁት።

ሁሉም ጥሩ ናቸው?

በጭራሽ። እንዲያውም ብዙው ያሰለቻል። ልዕልቷን ሽጉጥ አስይዞ፣ ጥንቸሏን ሲጋራ አስጭሶ ገለበጥኩ የሚል ሞልቷል። ይሄ መገልበጥ ሳይሆን ማልበስ ነው። አንዴ ትስቃላችሁ፣ ሁለተኛ ትተነፍሳላችሁ፣ ሦስተኛ ትዘጉታላችሁ።

የእኔ መመዘኛ አንዲት ናት። ተረቱን ከልቡ የሚወደው ሰው ነው የገለበጠው ወይስ የሚንቀው? የሚንቀው ሰው ይታወቃል። ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ጅል ናቸው፣ ብልጡ ደራሲው ብቻ ነው። የሚወደው ግን ጅቡንም እንኳ ያዝንለታል። በልጅነታችን በቴሌቪዥን አባባ ተስፋዬ «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሉን አምነናቸው ነበር። ያመነ ሰው ነው በደንብ መቀለድ የሚችለው። ያላመነ ምኑን ይገለብጣል?

ታውሰኛለህ?

አውሳለሁ። ግን ሕግ አለኝ። ባለፈው አንድ ወዳጄ ወስዶ በሦስተኛ ወሩ መለሰልኝ። ገርትሩድ በመጥረቢያ እንጉዳዩን የምትመታበት ገጽ ላይ ትልቅ የሽሮ ጠብታ አርፏል። ልክ መጥረቢያው ያረፈበት ቦታ ላይ። «ይቅርታ፣ ሳነብ ደንግጬ ነው» አለኝ። አሁን የሚዋሰው ሁሉ ያን ገጽ ሲያይ የስዕሉ አካል ይመስለዋል። አንዷ እንዲያውም «ይሄ ሠዓሊ ደም እንዴት አድርጎ ነው የሚሠራው?» ብላ ጠይቃኛለች። አልነገርኳትም።